በዋጫ ሰማይ የታየው ነገርና የቆጭቶ ቃል

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን በተነሣንበት ጠዋት በቤታችን በር የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። ሻለቃ ዳዊት በመኪናው ፊት ቆሞ ወረቀቶቹን ያገላብጣል። መቶ አለቃ ሰናይት ከኋላ ሆና የመሣሪያዎቿን ሣጥን በገመድ ታስራለች። ሾፌሩ ሃምሳ አለቃ ጌቱ በግራ በኩል ጎንበስ ብሎ ጎማ ያያል። የሻለቃው እናት፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ አበበች፣ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ትመርቃለች። ልጄ ጋቢዬን ይዛ ደፉ ላይ ናት። እኔ በበሩና በመኪናው መካከል ነኝ።

እንዲህ ብዬ የምጀምረው ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል በቦንጋና በጅማ የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። መዝገብ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጻፈው ማን እንደነበረ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ በኋላ ለሚመጣው ነገር ምክንያት እንዲሆነኝ ብዬ አይደለም። ምክንያት አይሆነኝም።

የማኅበራችን እናቶች ከተመለስኩ ጀምሮ “ሰማይ ላይ ምን አይተሽ መጣሽ?” እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ምንም አላየሁም። የሄድኩት ያዩትን ሰዎች ቃል ለማስተርጎም ነው። ከካፋ ዞን ሦስት ደብዳቤዎች ለሠራዊቱ ደርሰው ነበር፤ አንዱ ከጌሻ ወረዳ ከደካ፣ አንዱ ከቢታ ገነት፣ አንዱ ከዋጫ። ሲመሻሽ ሰማይ ላይ የሚያበራ ነገር ታየ፤ ድምፅ የለውም፤ ቆሞ ቆሞ ሄደ ይላሉ። በዚህ ዘመን ሰው የሌለበት አውሮፕላን በየቦታው ስለሚበር እንዲህ ያለ ወሬ በቸልታ አይታለፍም። ቡድን ይላካል፣ ቃል ይወሰዳል፣ ቦታው ይለካል፤ ምንነቱ ካልታወቀም “አልታወቀም” ተብሎ ይመዘገባል።

ሻለቃ ዳዊት ከሳምንት በፊት ቤት መጥቶ፣ “እትዬ ጥሩነሽ፣ ካፊኖኖ የሚያውቅ አስተርጓሚ ፈልጌ ነው። ከዚያው ብወስድ ዘመድ ለዘመድ ያዳላል። ያለውን ብቻ የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ” አለኝ።

“ከዚያ ሌላ አልችልበትም” አልኩት። ኮርቼ ነበር።

የተወለድኩት ቦንጋ ነው። አያቴ ከመንዝ በሹመት የሄዱ ሰው ነበሩ፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸው የካፋን ቋንቋ ከጓደኞቻችን ጋር ስንጫወት ለመድነው። ጡረታ ወጥቼ ወደ ልጄ ከመጣሁ ወዲህ ግን አገሩን አላየሁትም ነበር።

አዲስ አበባን አልፈን ወልቂጤ ምሳ በላን። ግቤ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ሆነብን፤ ደብረ ብርሃን የለበስኩትን ሹራብ እዚያ አወለቅኩ። ሃምሳ አለቃ ጌቱ መንገዱን ሙሉ ወሬ አላቋረጠም።

“እማማ፣ እንግዲህ ያ ነገር ከሰማይ ወርዶ ሰላም ቢለን በየትኛው ቋንቋ ይመልሱለታል?”

“በመጣበት” አልኩት።

“መኪናዬን ሊፍት ካለኝ እንቢ እላለሁ። የነዳጅ ኩፖን የለውም።”

መቶ አለቃ ሰናይት ከኋላ ሳቀች። ሻለቃው አልሳቀም፤ ግን አልተቆጣም። ማታ ጅማ ደረስን። የእንግዳ ማረፊያዋ ሴት እግሬ ማበጡን አይታ ሳልጠይቃት የሞቀ ውኃ በጨው ይዛልኝ መጣች።

ማክሰኞ

ከጅማ በሸቤ በኩል ወደ ጎጀብ ወረድን። ከወንዙ ማዶ መንገዱ ሽቅብ ሲወጣ ጫካው ይጀምራል። በእኛ በደብረ ብርሃን ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ ማን እንደተከለው፣ መቼ እንደሚቆረጥ ይታወቃል። እዚህ ግን ዛፉን የተከለው ሰው የለም። አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቶ፣ ሐረግ ተጠምጥሞበት፣ ከሥሩ ቡናና ኮረሪማ በቅሎ ይታያል። ከቅርንጫፎቹ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ረዥም፣ ድብልብል፣ በቅጠል የተሸፈነ። መቶ አለቃ ሰናይት መጀመሪያ ስታየው፣ “ይሄ ምንድን ነው? የሰው መቃብር መስሎኝ!” አለች።

ለመኮንኖቹ ስለ ኮቦ የነገርኳቸው ያን ጊዜ ነው። ኮቦ ማለት በጫካው ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ የተከለለ ቦታ ነው። አጥር የለውም፣ ካርታ የለውም። ድንበሩ ይህ ጅረት፣ ያ ግራር እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ ይነገራል። በሌላ ሰው ኮቦ ማለፍ ነውር የለውም፤ ቀፎ መንካት ግን የሰው ከብት ነድቶ ከመሄድ አይተናነስም። ቀፎ የሚሰቀለው በብዙ ሰው እጅ ነው፤ አንዱ ዛፍ ይወጣል፣ ሌሎቹ ከታች ገመድ ይስባሉ። የሰው ኮቦ ደፍሯል የተባለ ሰው ደግሞ ገመድ የሚስብለት አያገኝም።

“ሕግ ነው?” አለ ሻለቃው።

“ሕግ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው” አልኩት። እንግዲህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ቦንጋ እኔ የተወለድኩበት ቤት ቦታ ላይ የስልክ መሸጫ ተሠርቷል። በዞኑ መሥሪያ ቤት አንድ ትሑት ወጣት ተቀበለን፤ ፕሮግራሙን፣ ሪፖርቱን፣ ሰፖርት ሌተሩን እያለ ማኅተም አደረገልን። ከሰዓት በኋላ አንድ መምህር ስልኩን ይዞ መጣ። ቪዲዮ አንሥቼዋለሁ አለ። ብናየው ጥቁር ሰማይ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ትንቀጠቀጣለች።

“የምትንቀጠቀጠው እሷ ናት ወይስ እጅህ?” አለችው መቶ አለቃ ሰናይት።

“እጄ ነው” አለ ሰውየው በግልጽ። “ፈርቼ ነበር። ግን ቲክቶክ ላይ ብዙ ሰው አይቶታል።”

ሻለቃው እንዳልሰማ ሆኖ ጥያቄውን በትሕትና ጨረሰ። የእሱ ወግ ይህ ነው፤ ማንንም አያሳፍርም። ማታ ሲያሰናብተኝ፣ “እትዬ፣ በትርጉምዎ ላይ አንድ ቃል እንኳ የሚጣል የለም” አለኝ። ያን ምስጋና ይዤ ተኛሁ።

ረቡዕ

ወደ ዋጫ የሄድነው በዝናብ ነው። ደብረ ብርሃን ዝናብ ሲመጣ ነፋስ ቀድሞ ይነግራል፤ የካፋ ዝናብ ግን ሳይናገር ይጀምራል፣ ሳይናገር ያቆማል። ከዋጫ ወደ ቀበሌው በሚገባው መንገድ ላይ መኪናው እስከ ሆዱ ጭቃ ገባ። ሃምሳ አለቃ ጌቱ ወርዶ ሊገፋ ሲል እግሩ ከዳውና በደረቱ ተነጠፈ። ከቡና ማሳ የወጡ ሰዎች አንሥተውት፣ የኮባ ቅጠል ጎማው ሥር አንጥፈው፣ እየዘፈኑ ገፉልን። ማን እንደሆንን እንኳ የጠየቀ የለም። ከገፉ በኋላ ነው አንዱ፣ “የቆጭቶን ቀፎ ፍለጋ ነው የመጣችሁት?” ያለው።

“የምን ቀፎ?” አለ ጌቱ ፊቱን እየጠረገ።

“በረረችበት እኮ! ቀፎ የመሰለ ነገር ሰማይ ላይ አየሁ ብሏል። እኛ ደግሞ ‘ቆጭቶ፣ ቀፎህ በርራ ሄደች፣ ከነማሯ’ እንለዋለን።”

ሁሉም ሳቁ። በኋላ እንደተረዳሁት ዋጫ ገበያ ላይ ሳይቀር እንዲሁ እያሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲቀልዱበት ቆይተዋል።

ያሳደሩን ጋሽ አድማሱና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። ጋሽ አድማሱ ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ አማርኛ ደህና አድርገው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እትዬ አስካለ አማርኛ እምብዛም አትሰማም። በካፊኖኖ ስመልስላት ሁለት እጄን ይዛ፣ “የእኛ ሰው ናት” አለች። ለወታደሮቹ ሣር ጎዝጉዛ አነጠፈች፤ ለእኔ የራሷን አልጋ ለቀቀች። እምቢ ብል፣ “እንግዳ መሬት ተኝቶ እኔ አልጋ ላይ ብተኛ እንቅልፉ መቼ ይወስደኛል?” አለች። ረቡዕ በመሆኑ በኮባ ቅጠል ላይ ቆጮ ከጎመን ጋር ቀረበልን። በእኛ አገር የገብስ ቂጣ ለእንግዳ ሲቀርብ እናፍራለን፤ እነሱ በቆጮ አያፍሩም፤ ደግሞም ጣፋጭ ነው።

እትዬ አስካለ ያን ዕለት ስለ እሑድ ነበር የምታወራው። የቆጭቶ ሴት ልጅ ሰማንያ ቀኗ እሑድ ይሞላል፤ ክርስትና የምታነሣት እሷ ናት። ልጆቿ ሁሉ ወንዶች ስለሆኑ ሴት ልጅ አልታቀፈችም። የገዛችውን ነጭ ነጠላና ማተብ ከሣጥን አውጥታ አሳየችኝ።

“ስሟን እኔ እንዳወጣ ፈቅደውልኛል” አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ለማንም አልነገርኩም። ለአንቺም አልነግርሽም።”

ቆጭቶ ራሱ ከመሸ በኋላ ሊጠይቀን መጣ። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ቀጭን፣ እጁ በገመድ የጠነከረ። በር ላይ ቆሞ እስኪጋበዝ አልገባም። ጋሽ አድማሱ፣ “ግባ እንጂ፣ ገና ለገና አበልጅ ልትሆነን ነው ብለህ ልትኮራብን ነው?” አሉት። ገባ፤ ግን ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ የትሕትና መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት ወደ ጫካ ወጣን፤ ሦስቱ ወታደሮች፣ ቆጭቶና እኔ። ዱላ ተሰጥቶኝ ቀስ እያልኩ ተከተልኩ። ቆጭቶ በራሱ ኮቦ ውስጥ ካለ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አቁሞን፣ “እዚህ ላይ ወጥቼ ነው ያየሁት” አለ።

ሻለቃው ፎርሙን አውጥቶ መጠየቅ ጀመረ። ቅርጹ ክብ ነው፣ ሞላላ ነው፣ ሦስት ማዕዘን ነው?

“ቀፎ ነው” አለ ቆጭቶ። “ሰው ይሳቅብኝ። የሚሰቀልበት ዛፍ የሌለው ቀፎ ነው። ነጭ። መጀመሪያ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ደካ በኩል ዘንበል ብሎ ሄደ። ንቦቹ እንኳ ዝም አሉ።”

“ከፍታው? ክንድህን ዘርጋ፣ ጡጫህን ጨብጥ። ከዓይንህ ትክክል ወደ ላይ ስንት ጡጫ ይሆናል?”

“ጡጫ የምንለካው በጠብ ጊዜ ነበር” አለና ሳቀ። ከዚያ ግን በቁም ነገር ክንዱን ዘረጋ። “አራት።”

መቶ አለቃ ሰናይት በኮምፓሷ አየች፣ ሌላ መሣሪያ አውጥታ ደግማ አየች፣ ዛፉ ላይ በመሰላል እስከ እኩሌታው ወጣች። ስትወርድ ፊቷ ተለውጧል። “ሻለቃ፣ ከዚህ ወደ ደካ አቅጣጫ ሰማይ የለም። ገመገሙ ሸፍኖታል። አራት ጡጫ አይደለም ስምንት ቢሆንም አይታይም።”

ሻለቃው ወደ ፎርሙ ተመለሰ። “ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል። ‘ተአማኒነቱ ዝቅተኛ’ ብለን እንለፍ። እትዬ፣ ይንገሩት።”

ነገርኩት። ቆጭቶ በካፊኖኖ፣ “ዋሽቷል ብላችሁ ልትጽፉ ነው?” አለኝ።

“እንደዚያ አይባልም። ግን አይታመንም ማለት ነው።”

ወደ ጅረቱ ሲወርድ ተከተልኩት። ወታደሮቹ ውኃ ሊጠጣ የሄደ መስሏቸዋል። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሞ ነው የተናገረው።

“እትዬ፣ አይቻለሁ። ያየሁት ግን ከዚህ ዛፍ አይደለም። ከጋሽ አድማሱ ኮቦ ነው። የእኔን ቀፎዎች ጉንዳን ጨርሷቸዋል። ለልጄ ክርስትና ጠጅ የምጥልበት ማር አልነበረኝም። አንድ ቀፎ ቆርጬበታለሁ። እዚያው ዛፍ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት።”

“ለምን አልጠየቅካቸውም?”

“ብጠይቀው ይሰጠኝ ነበር። ስለሚሰጠኝ ነው ያልጠየቅኩት። ልጄን የምታነሣልኝ ሚስቱ፣ ማሩ የእሱ፣ እኔ ታዲያ ምን አለኝ? በሚመጣው ወቅት ከእኔ ቀፎ እመልስለታለሁ ብዬ ነበር።” ወደ እኔ ዞሮ፣ “ይሄ ወረቀት የት ነው የሚሄደው?” አለኝ።

“ሩቅ” አልኩት። “አዲስ አበባ።”

እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ግን ቃል ሰጪው ፊት፣ ምስክሮች ባሉበት ይነበባል። ይህን ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት እኔ ነኝ የማውቀው፤ እሱ አያውቅም። አልነገርኩትም። ለመደበቅ አይደለም፤ ትዝ አላለኝም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ ነበር።

ለሻለቃው ነገርኩት። ወደ ሁለተኛው ዛፍ ሄድን። መቶ አለቃ ሰናይት ወጥታ ስታይ ከላይ ሆና፣ “አለ! ክፍት ነው፣ በሁለቱ ተራሮች መካከል፣ ልክ አራት ጡጫ!” ብላ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም ነገር ገጠመ፤ አቅጣጫው፣ ከደካ የመጣው ደብዳቤ የሚለው ሰዓት፣ ሁሉም። ቆጭቶ ከታች ሆኖ በፈገግታ ያያታል። ከመጣን ጀምሮ ከልቡ ደስ ብሎት ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ። አንዱ ጥያቄ “ተመልካቹ በቦታው የተገኘበት ምክንያት” ይላል። ሻለቃው፣ “እሱን እትዬ እንደመሰለዎት ያሳጥሩት” አለኝና ወደ መሣሪያው ዞረ። “ለንብ ሥራ” ብል ይበቃ ነበር። ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “በአቶ አድማሱ ኮቦ ውስጥ ከሚገኝ ቀፎ ያለባለቤቱ ፈቃድ ማር ለመቁረጥ።”

ከሰዓት በኋላ በጋሽ አድማሱ ግቢ ቃሉ ተነበበ። ሃያ የሚሆን ጎረቤት ሊሰማ መጥቶ ነበር። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል ሲባል ሰዉ ሁሉ የግቢውን ባለቤት ጋሽ አድማሱን ጠቆመ፤ ሁለተኛው አንድ ጎረቤት ነው። ቆጭቶ በመካከል ቆመ። ቀልደኞቹ፣ “ዛሬ ቀፎዋ ልትመለስ ነው!” እያሉ ነበር፤ እሱም መለሰላቸው፣ “ወታደር ለክቶ አረጋግጧል፤ አሁን ሳቁ!”

ሻለቃው በአማርኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ያነባል፣ እኔ በካፊኖኖ እከተላለሁ። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቀኑን አለፍን። የሚቀጥለው ጥያቄ ምን እንደሆነ ትዝ ሲለኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ሻለቃው አነበበው። አማርኛ የሚሰሙት ወደ ቆጭቶ ዞሩ። እትዬ አስካለን ጨምሮ ሌሎቹ ወደ እኔ አዩ። ዝም ብዬ ወደሚቀጥለው መሻገር እችል ነበር። ማንም አያስገድደኝም። ለሻለቃው “ይህን እንለፈው” ማለት እችል ነበር፤ የሚያልፈው ሰው ነው።

ቃል በቃል አስተረጎምኩት።

እትዬ አስካለ፣ “የእኛን ቀፎ?” አለች። ቤት ገባች።

ንባቡ አልቆመም፤ ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ አራቱ ጡጫ። ማንም አልሰማውም። መጨረሻ ላይ ሻለቃው እንደ ደንቡ፣ “የተነበበልህ ቃል ትክክል ነው?” ብሎ ጠየቀ። አስተረጎምኩ።

ቆጭቶ ጋሽ አድማሱን እያየ፣ “ትክክል ነው” አለ። ፈረመ።

ጋሽ አድማሱ እስክሪብቶውን ተቀበሉ። “እኔም ልፈርም?”

“ምስክር ስለሆኑ፣ አዎ” አለ ሻለቃው። ምን እንደተፈጠረ ገና እየገባው ነበር።

ቀስ ብለው ፈረሙ። “ይኸው” አሉ።

ሰዉ ሳይሰናበት ተበተነ። የሳቀ የለም።

በዚያው ምሽት እራት እንደ ትናንቱ ቀረበ። ዶሮ ታርዶልናል። እትዬ አስካለ እጄን አስታጠበችኝ፣ አልጋዋንም እንደገና ለቀቀችልኝ። ትናንት አሳይታኝ ሣጥኑ ላይ የተወችው ነጭ ነጠላ ግን ተነሥቷል።

ከጋሽ አድማሱ ጋር ደጅ ላይ ተቀመጥኩ። “ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኳቸው።

“እርስዎን የሚወቅስ የለም” አሉ። “ቀፎው መቆረጡን እኔ አውቅ ነበር። ማን እንደሆነም ገምቻለሁ። የእግሩን ምልክት ዛፉ ላይ አይቻለሁ፤ የእያንዳንዱን ሰው አወጣጥ እናውቃለን።”

“ዐውቀው ዝም አሉ?”

“እኔ ብቻ ካወቅኩት ዝም ማለት እችላለሁ። ልጁ ተቸግሮ ነው። አሁን ግን ሃያ ሰው ሰምቷል። እኔ ዝም ብል ነገ የሁሉም ኮቦ ደጁ ክፍት ነው። ገመድ የሚስብለት አይኖርም፤ እኔም አልስብለትም። አስካለም እሑድ አትቆምም።” ከዚያም፣ “በአያቶቻችን ጊዜም እንዲሁ ነበር ይላሉ። የእናንተ ሰዎች መጻፍ ያውቃሉ” አሉ። በቁጣ አይደለም የተናገሩት። ዝናብ ይመጣል እንደሚባለው ነው።

ስገባ መቶ አለቃ ሰናይት ፎርሙን በላስቲክ እየጠቀለለች ነበር። “እትዬ፣ እስካሁን ካየኋቸው ቃሎች ሁሉ የተሟላው ይሄ ነው” አለችኝ። ደግ ልጅ ናት፤ ልታጽናናኝ ነው። ያየው ነገር ምን እንደሆነ ግን አሁንም አይታወቅም። ፊኛ ሊሆን ይችላል ትላለች፤ ላይሆንም ይችላል።

ዓርብ

መኪናው እስኪሞቅ ብዬ ወደ ቆጭቶ ቤት ሄድኩ። ቅርብ ነው፤ ከእንሰቱ ማሳ ማዶ። ባለቤቱ ዓለሚቱ ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ አገኘችኝ። እሱ የለም። ገና ሳይነጋ ወጥቷል፤ የት እንደሄደ አልነገራትም።

“ይግቡ፣ እትዬ” አለችኝ። በርጩማ በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠችኝ። ከጓዳው በኩል የጠጅ ጋን ይታያል፤ አፉ ተከድኗል። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን “ሕፃኗ ደህና ናት?” የሚል ነው።

“ደህና ናት።” ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከባድ ናት፤ በደንብ የጠባች። ደብረ ብርሃን ሕፃን በብርድ ምክንያት ተጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው፤ ይቺ እጇን አውጥታ አመልካች ጣቴን ያዘች።

ዓለሚቱ ቆማ ነበር የምታየኝ። “እትዬ አስካለ ሌሊት ሰው ልካብን ነበር። አልቆምም ብላለች።”

“ሰምቻለሁ።”

“ጎረቤቶቹንም ጠየቅሁ። እሷ ካልቆመች ማን ይቆማል? ፈሩ። ሰማንያዋ እሑድ ነው፤ ቄሱ ቀኑ አያልፍም ብለዋል።” አንገቴን አየች። “እርስዎ ማተብ አለዎት። ቄስ ሊቀበልዎት ይችላል። እዚህ የማይፈራ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሁለት ቀን ነው። እዚህ እኛ ጋ ያድራሉ፤ ያለንን እንሰጥዎታለን። ልጄን ያንሡልኝ።”

ከዚያ ቀበሌ ወደ ዋጫ በየቀኑ መኪና አለ። ከዋጫ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ጅማ አውቶቡስ አለ። መድኃኒቴ እስከሚቀጥለው ሳምንት ይበቃ ነበር። ቤት የሚጠብቀኝ ጉዳይ የለም። ነገር ግን እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስገባ ያ ሰው ሁሉ እንደሚያየኝ፣ እትዬ አስካለም እንደምታየኝ ታሰበኝ።

ከማሳው ወዲያ ሃምሳ አለቃ ጌቱ ጥሩንባ ነፋ።

“መኪናው አይጠብቀኝም” አልኳት።

ዓለሚቱ ራሷን ነቀነቀች። ጎንበስ ብላ የሕፃኗን ጣቶች ከአመልካች ጣቴ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች፣ ልጅዋን ታቀፈቻት።

ተነሥቼ በእንሰቱ መካከል ወደ መኪናው ሄድኩ።